ሰውነትን በቤት የማሠልጠን ልማድ እንዴት እንደሚጸና

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለሽማግሎች የተዘጋጀ ንግግር



የኢትዮጵያ ሰው ከባልንጀራው ጋራ በተገናኘ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው ነገር ጤና ነው። «ጤና ይስጥልኝ» ይላል፤ «እንደ ምን አደሩ» ይላል፤ ስለ ከብቱ፥ ስለ እህሉና ስለ ገበያው የሚጠይቀው ከዚህ በኋላ ነው። ይህም አባቶች ጤናን ከሀብት ሁሉ በላይ አድርገው እንደ ቈጠሩት ያስረዳል። ዳሩ ግን ጤናን መመኘትና ጤናን መጠበቅ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። እርሻ በምኞት አይታረስም፤ ሰውነትም እንዲሁ በምኞት አይጠነክርም። ስለዚህ የዚህ ንግግር ዓላማ አንድ ሰው ገንዘብ ሳያወጣና ከቤቱ ሳይርቅ በቀን በጥቂት ደቂቃ ሰውነቱን ለማሠልጠን የሚችልበትን መንገድ ማስረዳት ነው፤ ይልቁንም የተጀመረው ሥራ በሳምንቱ እንዳይቋረጥ ምን ማድረግ እንደሚገባ መግለጥ ነው። መጀመር ለብዙ ሰው ቀላል ነው፤ የሚቸግረው መጽናት ነውና። በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለማን ያስፈልጋል

«ገበሬ ማለዳ ወጥቶ ፀሐይ እስክትጠልቅ ሲደክም ይውላል፤ እርሱን ሰውነትህን አሠልጥን ማለት ሞኝነት አይደለምን?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በነገሩ እውነት አለበት። በእርሻና በአጨዳ ወራት ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ የሚወጣው ገበሬ፥ እንስራ ወይም ጀሪካን አዝላ ከምንጭ የምትመለሰው ሴት የሰውነት ሥራ አይጎድላቸውም፤ የሚጎድላቸው ዕረፍት ነው። እንግዲህ ለእነርሱ በድካማቸው ላይ ሌላ ድካም ይጨመርባቸው ማለት አይገባም። ይልቅስ በቤቱ ተቀምጦ የሚውል ወንድ ከሚስቱ ወይም ከእኅቱ ጀሪካን ተቀብሎ ውሃውን ራሱ ቢያመጣ፥ እርሱ ሰውነቱን ያሠለጥናል፤ እርስዋም ታርፋለች። አንድ ሥራ ሁለት ሰው ይጠቅማል ማለት ይህ ነው።

ነገር ግን በመንደር የሚኖር ሁሉ አራሽ አይደለም። መምህሩ ደብተር ሲያርም፥ ጸሐፊው መዝገብ ሲጽፍ፥ ባለ ሱቁ በባንኮኒው በስተኋላ፥ ልብስ ሰፊው በመኪናው ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ገበሬውም ቢሆን እህሉን ወቅቶ ጎተራ ካስገባ በኋላ እስከሚቀጥለው እርሻ ድረስ ብዙ ጊዜ ሥራ የሚፈታበት ወራት አለው። ደግሞም ዘመኑ ብዙ ድካም አቅልሏል። ሴቶች ሌሊት ተነሥተው በድንጋይ ይፈጩት የነበረውን እህል አሁን በብዙ ስፍራ የሞተር ወፍጮ ይፈጨዋል፤ ወደ ገበያ በእግሩ ይሄድ የነበረው ሰው በመኪና ወይም በባጃጅ ይሄዳል። ይህ የሚመሰገን ነው እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። ዳሩ ግን ድካሙ በቀረ ጊዜ ከድካሙ ጋራ ሳይታሰብ ይገኝ የነበረው ጥንካሬ አብሮ ይቀራልና፥ የቀረውን ጥንካሬ በሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ሆነ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ግን ለሽማግሌ ነው። በብዙ ቤት ልጆች አባታቸውን ያከበሩ እየመሰላቸው ከተቀመጠበት እንዳይነሣ ያደርጉታል። ውሃውን ያቀርቡለታል፤ በትሩን ያቀብሉታል፤ ጥቂት ሊራመድ ቢነሣ «አባባ ይቀመጡ፤ እኛ አለንልዎ» ይሉታል። ሐሳባቸው መልካም ነው፤ ፍሬው ግን መልካም አይደለም። ያልሠራ እግር ይደክማል፤ የደከመ እግር ይሰናከላል፤ የተሰናከለም ሽማግሌ ዳሌው ተሰብሮ ከአልጋ ይውላል። አንድ ቀን ያለ ደጋፊ ወደ ደጅ ለመውጣት እንኳ የማይችል በሆነ ጊዜ ልጆቹ ያዝናሉ፤ የደከመው ግን በዚያ ቀን አይደለም፤ «ይቀመጡ» በተባለበት በየቀኑ ነው። አባትን ማክበር ማለት በእግሩ ቆሞ እንዲኖር መርዳት ነው።

ሥራ የፈታ ሰውነት ምን ይሆናል

ይህ ነገር በግምት የተነገረ አይደለም፤ ሐኪሞች መርምረው ያረጋገጡት ነው። በ1966 ዓመት በአሜሪካ አገር በዳላስ ከተማ ሐኪሞች ዕድሜያቸው 20 ዓመት የሆነ አምስት ጤነኛ ወጣቶች ለሦስት ሳምንት ያህል ከአልጋ ሳይነሡ እንዲተኙ አደረጉ። ከዚያም በኋላ ልባቸውና ሳንባቸው ምን ያህል ሥራ ሊሸከም እንደሚችል ቢለኩ፥ ኀይላቸው ከሩብ የሚበልጥ ቀንሶ ተገኘ። ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ እነዚያኑ አምስት ሰዎች፥ 50 ዓመት ከሆናቸው ወዲህ፥ ደግመው መረመሩዋቸው። የሠላሳ ዓመት ዕድሜ ከኀይላቸው የቀነሰው የሦስት ሳምንት መተኛት ከቀነሰው ያነሰ ነበረ። እንግዲህ ሰውን ከዕርጅና ይልቅ ሥራ መፍታት ፈጥኖ ሊያደክመው እንደሚችል ከዚህ ይታወቃል። ይኸውም ብቻ አይደለም፤ እነዚያ ሰዎች ስድስት ወር ቀስ በቀስ በመሄድ፥ በመሮጥና ብስክሌት በመንዳት ሰውነታቸውን ባሠለጠኑ ጊዜ በሠላሳው ዓመት ያጡትን ኀይል መልሰው አገኙ።

ሁለተኛውም ምሳሌ ከእንግሊዝ አገር ነው። ጄሬሚ ሞሪስ የተባለ ሐኪም በለንደን ከተማ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ላይ የሚሠሩትን ሰዎች መርምሮ የደረሰበትን በ1953 ዓመት አሳተመ። ሾፌሩ ቀኑን ሁሉ ተቀምጦ ይነዳል፤ ትኬት ቈራጩ ግን ቀኑን ሁሉ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ሁለቱም በአንድ አውቶቡስ ላይ፥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ዳሩ ግን በልብ በሽታ የሚያዙት ሾፌሮቹ ከትኬት ቈራጮቹ ይበዙ ነበር። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር የተደረገው ምርመራ ይህንኑ አጸና፤ ሰውነትን ማንቀሳቀስ የልብ በሽታን፥ የደም ግፊትንና የስኳር በሽታን እንደሚያርቅ ታወቀ።

ሦስተኛው ምሳሌ ሽማግሎችን የሚያጽናና ነው። በ1990 ዓመት በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 ዓመት የሆኑ፥ በመጦሪያ ቤት የሚኖሩ አሥር አረጋውያን በእግራቸው ክብደት እያነሡ እንዲሠለጥኑ ተደረገ። ዘጠኙ ስምንቱን ሳምንት ፈጸሙ። በእነዚህ በስምንት ሳምንት ውስጥ የጭናቸው ኀይል ከእጥፍ በላይ ጨመረ፤ አካሄዳቸውም ፈጠነ። የ90 ዓመት ሽማግሌ ጡንቻ ሥራ በሰጡት ጊዜ የሚታዘዝ ከሆነ፥ የ60 ዓመቱ ሰው «እኔ አርጅቻለሁ፤ ጊዜዬ አልፏል» ለማለት ምን ምክንያት አለው?

መጠኑ ምን ያህል ነው

የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ዓመት ባወጣው ምክር ጎልማሳ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፥ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ብርቱ እንቅስቃሴ ማድረግ ይገባዋል ይላል፤ በዚህም ላይ በሳምንት ሁለት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይጨምራል። ዕድሜው 65 ዓመት የሞላ ሰው ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ኀይልንና ሳይወድቁ መቆምን የሚያለማምድ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ከ5 ዓመት እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በየቀኑ በአማካይ 60 ደቂቃ መንቀሳቀስ ይገባቸዋል።

መጠነኛ የተባለው እንቅስቃሴ በምን ይታወቃል? ሰው ፈጠን ብሎ ሲሄድ ከባልንጀራው ጋራ መነጋገር የሚችል፥ ለመዝፈን ግን ትንፋሹ የማይበቃው ከሆነ መጠነኛ ነው። ጥቂት ቃል ተናግሮ ትንፋሹ የሚቈረጥ ከሆነ ብርቱ ነው። ለዚህ መለኪያ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። በሳምንት አምስት ቀን በየቀኑ 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ የሄደ ሰው 150 ደቂቃውን ሞላ ማለት ነው። ይህን ያህል ለማድረግ ያልቻለ ሰው ግን ተስፋ አይቍረጥ፤ ጥቂት ማድረግ ምንም ካለማድረግ ይሻላልና።

ሰው ጀምሮ ስለ ምን ይተዋል

የተጀመረው ሥራ የሚቋረጥበት ምክንያት ብዙ አይደለም፤ አራት ነው።

አንደኛው በመጀመሪያው ቀን ከመጠን ማለፍ ነው። ወኔ ያደረበት ሰው በመጀመሪያው ቀን መቶ ጊዜ ይነሣል ይቀመጣል፤ በማግሥቱና በሠልስቱ ጭኑ ይታመምና ከመቀመጫው መነሣት ያቅተዋል፤ «ይህ ነገር ለእኔ አልተስማማኝም» ብሎ ይተወዋል። ያልለመደ ጡንቻ ከሠራ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን መታመሙ የታወቀ ነገር ነው፤ ጥቂት ሠርቶ የጀመረ ሰው ግን ሕመሙ አይብስበትም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የተወሰነ ሰዓት አለማድረግ ነው። «ጊዜ ባገኘሁ ጊዜ አደርገዋለሁ» ያለ ሰው ጊዜ አያገኝም። በለንደን የሚገኙ ተመራማሪዎች ልማድ በስንት ቀን እንደሚጸና በ96 ሰዎች ላይ መርምረው የደረሱበትን በ2010 ዓመት አሳትመዋል። እያንዳንዱ ሰው አንድ ትንሽ ሥራ መርጦ በየቀኑ ሊያደርገው ከለመደው ከሌላ ነገር ጋራ አያያዘው፤ ለምሳሌ ከቍርስ በኋላ። ሥራው ሳይታሰብ የሚደረግ ልማድ እስኪሆን ድረስ አንዳንዱ ሰው 18 ቀን፥ አንዳንዱ እስከ 254 ቀን ያህል ፈለገ፤ መካከለኛው 66 ቀን ነበረ። ስለዚህ በሁለት ሳምንት ልማድ አልሆነልኝም ብሎ የሚተው ሰው ዘሩ ሳይበቅል እርሻውን ትቶ እንደ ሄደ ሰው ነው።

ሦስተኛው አንድ ቀን በቀረ ጊዜ ሁሉን መተው ነው። ለቅሶ ይመጣል፤ ሠርግ ይመጣል፤ እንግዳ ይመጣል፤ ሥራውም በዚያ ቀን ይቀራል። ያው ምርመራ እንዳሳየው አንድ ቀን መቅረት ልማዱን አያፈርስም። የሚያፈርሰው «እንግዲህ ከተቋረጠ ተቋረጠ» የሚለው አሳብ ነው። አንድ ቀን የቀረ ሰው በማግሥቱ በሰዓቱ ይመለስ፤ ያለፈውን ለመካስ ብሎ ግን እጥፍ አይሥራ።

አራተኛው ሐፍረት ነው። «ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን እጁን ሲያወዛውዝ ሰው ቢያየው ምን ይላል?» የሚል ፍርሃት ብዙ ሰው ይከለክላል። ለዚህም መድኀኒቱ ሁለት ነው፤ ወይ በቤት ውስጥ በር ዘግቶ መሥራት፥ ወይም ከቤተ ሰብና ከጎረቤት ጋራ አብሮ መሥራት። ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር አያሳፍርምና። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ከሌላ አገር ሁለት ምሳሌ

በቤት ውስጥ በጥቂት ደቂቃ ሰውነትን ማሠልጠን አዲስ አሳብ አይደለም። በ1904 ዓመት ዮርገን ፔተር ሙለር የተባለ የዴንማርክ ሰው «የእኔ ዘዴ» የሚል መጽሐፍ ጽፎ፥ በቀን 15 ደቂቃ በቤት ውስጥ መሥራት ለጤና እንደሚበቃ አስተማረ። መጽሐፉም በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ በኤውሮፓ በሰፊው ተነበበ። የሙለር ብልሃት ሰዉ «ጊዜ የለኝም፤ መሣሪያ የለኝም» የሚለውን ምክንያት ማስወገዱ ነው።

ከዚህም የበለጠ የጸናው የጃፓን ሥራ ነው። በጃፓን አገር በ1928 ዓመት ሰውነትን ማፍታቻ እንቅስቃሴ ከሙዚቃ ጋራ በራዲዮ ይነገር ጀመረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለጥቂት ዓመት ተቋርጦ፥ በ1951 ዓመት ተሻሽሎ እንደ ገና ተጀመረ፤ እስከ ዛሬም ድረስ ከጧቱ በ12 ሰዓት ተኩል ይሰማል። እንቅስቃሴው 13 ሲሆን የሚፈጀው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ሽማግሎች በየሜዳው ተሰብስበው ይሠሩታል፤ ልጆችም በክረምት ዕረፍታቸው ጧት መጥተው በሠሩ ቍጥር በካርዳቸው ላይ ማኅተም ይደረግላቸዋል። ይህ ሥራ ለብዙ ዓመት የጸናው ስለ ምንድር ነው? ሰዓቱ አይለወጥም፤ ሥራው ትንሽ ነው፤ ሁሉ አብሮ ያደርገዋል፤ የሠራውም ቀን በምልክት ይታያል። አራቱም ነገሮች በመንደር ያለ ራዲዮ እንኳ ሊደረጉ የሚችሉ ናቸው።

በቤት የሚሠራው ሥራ

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አንድ የማይነቃነቅ በርጩማ ወይም መደብ፥ አንድ ጠንካራ ግድግዳ፥ አንድ ምሰሶ፥ አንድ የደጅ እርከን ወይም ዝቅ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይና አንድ ሰሌን ነው። ሰዓቱም ጧት ፊት ከታጠቡ በኋላ ቢሆን መልካም ነው፤ ሰው ፊቱን መታጠብ አይረሳምና ሥራውንም አይረሳም።

በመጀመሪያ ሰውነትን ማሟሟቅ ይገባል። በቆሙበት ቦታ ሦስት ደቂቃ ያህል መራመድ፥ እጅን ማወዛወዝ፥ ትከሻን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማዞር ነው።

ሁለተኛው መነሣትና መቀመጥ ነው። በበርጩማው ላይ ተቀምጦ እጅን በደረት ላይ አመሳቅሎ፥ በእጅ ሳይደገፉ ቀጥ ብሎ መነሣት፤ ቀስ ብሎም መቀመጥ ነው። አሥር ጊዜ ይደረጋል። በእጁ ሳይደገፍ ሊነሣ የማይችል ሰው በመጀመሪያ ተደግፎ ይነሣ፤ ዋል አደር ሲል ድጋፉን ይቀንስ። ለሽማግሌ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ሥራ ነው፤ በዚህ የሚጠነክረው ጭን ከመደብ፥ ከአልጋና ከመጸዳጃ የሚያስነሣው ጭን ነውና።

ሦስተኛው ግድግዳ መግፋት ነው። ከግድግዳው አንድ እርምጃ ርቆ ቆሞ ሁለቱን መዳፍ በትከሻ ትክክል ግድግዳው ላይ ማሳረፍ፤ ክርንን አጥፎ ደረትን ወደ ግድግዳው ማስጠጋት፤ ከዚያም ገፍቶ መመለስ ነው። አሥር ጊዜ ይደረጋል። የጠነከረ ሰው በግድግዳው ፈንታ በመደቡ ጠርዝ ላይ፥ ኋላም በመሬት ላይ ያደርገዋል።

አራተኛው እርከን መውጣትና መውረድ ነው። በቀኝ እግር አሥር ጊዜ፥ በግራ እግር አሥር ጊዜ ይደረጋል። የለንደኑ ትኬት ቈራጭ ሥራ ይህ ነበረ።

አምስተኛው በምሰሶው አጠገብ ቆሞ ተረከዝን ከመሬት እያነሡ በእግር ጣት ላይ መቆም ነው። አሥር ጊዜ ይደረጋል።

ስድስተኛው እዚያው በምሰሶው አጠገብ በአንድ እግር መቆም ነው። እስከ አሥር እየቈጠሩ በእያንዳንዱ እግር ሦስት ጊዜ ይደረጋል። ሽማግሌ ምሰሶውን በእጁ ይያዝ፤ ከሰነበተ በኋላ በአንድ ጣት ብቻ ይንካው። ይህ ጨዋታ የሚመስል ሥራ ከመውደቅ የሚያድን ነው። በ2019 ዓመት 108 ጥናቶችን፥ ከ23 ሺህ የሚበልጡ አረጋውያንን በአንድነት የመረመሩ ሊቃውንት የሰውነት ማሠልጠኛ ሥራ የመውደቅን ብዛት በ23 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጠዋል፤ ከእነዚያም ሥራዎች ዋነኞቹ እንዲህ ያሉት ናቸው።

ሰባተኛው በሰሌን ላይ በጀርባ ተንጋሎ፥ ጕልበትን አጥፎ፥ ውስጥ እግርን መሬት አስረግጦ ዳሌን ወደ ላይ ማንሣትና ቀስ ብሎ ማውረድ ነው። አሥር ጊዜ ይደረጋል። ይህ ሲያርስና ሲያጭድ ጎንበስ ብሎ ለሚውል ገበሬ፥ አጎንብሶ ለሚጽፍ መምህርም ወገቡን ያጠነክርለታል።

በመጨረሻ ትንፋሽ እስኪመለስ ድረስ ቀስ ብሎ መራመድ ነው። በሥራው ጊዜ ሁሉ ትንፋሽን አምቆ መያዝ አይገባም፤ በሚገፉና በሚነሡ ጊዜ ማስወጣት፥ በሚመለሱ ጊዜ ማስገባት ነው።

ይህ ሁሉ ከ15 ደቂቃ አይበልጥም። በመጀመሪያው ሳምንት አሥሩ የበዛበት ሰው በአምስት ይጀምር። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አንድ ወይም ሁለት ብቻ እየጨመረ፥ አሥራ አምስት በደረሰ ጊዜ ዙሩን ሁለት ያድርገው። ጡንቻ የሚጠነክረው በሥራና በዕረፍት ነውና ይህን በሳምንት ሦስት ቀን ማድረግ ይበቃል። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው ማክሰኞ፥ ሐሙስና ቅዳሜ ቢያደርገው ይቀለዋል፤ በረመዳን የሚጾምም ካፈጠረ በኋላ ማታ ቢያደርገው ይስማማዋል። በቀሩት ቀኖች በዚያችው ሰዓት ማሟሟቂያውን ብቻ አድርጎ በእግሩ ይሂድ። ሰዓቱ እንዳይለወጥ መጠበቅ ከሥራው ብዛት ይልቅ ይጠቅማል።

የሠራበትንም ቀን በምልክት ይያዝ። መጻፍ የሚችል በደብተር ላይ አንድ መስመር ያስምር፤ የማይችል በየቀኑ አንድ ባቄላ በቅል ውስጥ ይጨምር። ደግሞም በመጀመሪያው ቀን በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ከበርጩማው ስንት ጊዜ እንደ ተነሣ ቈጥሮ ይጻፍ፤ በየወሩም እንደ ገና ይቍጠር። ስምንት የነበረው አሥር፥ አሥሩም አሥራ ሁለት ሲሆን ያየ ሰው ምስጋና ከሌላ አይጠብቅም።

ጥንቃቄ

በሥራው ጊዜ ደረቱን የወጋው ወይም የተጫነው፥ ራሱን ያዞረው፥ ልቡ ያለ ልክ የመታበት ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ወዲያው አቁሞ ይቀመጥ፤ ሳይዘገይም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የልብ ሕመም፥ የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ያለበት፥ በቅርቡም የታመመ ወይም የወለደች አስቀድመው ሐኪም ወይም የጤና ኬላ ሠራተኛ ይጠይቁ። ትኵሳት ያለበት ሰው እስኪድን ይረፍ። የጡንቻ ድካምና የመገጣጠሚያ ሕመም አንድ አይደሉም፤ ድካሙ በሁለት በሦስት ቀን ይለቃል፤ ጕልበትን ወይም ትከሻን እንደ መርፌ የሚወጋ ሕመም ግን ሥራውን ቀንስ ወይም ለውጥ የሚል ማስጠንቀቂያ ነው።

የመምህራንና የሽማግሎች ድርሻ

መላው ዓለም የሚያውቀው አበበ ቢቂላ በ1960 ዓመት በሮማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ አሸነፈ። በ1964 ዓመትም በቶኪዮ፥ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካወጣ ገና ጥቂት ሳምንት ብቻ አልፎት ሳለ፥ ዳግመኛ አሸነፈ። ሩጫውን በፈጸመ ጊዜ ሌሎቹ ገና በመንገድ ሳሉ እርሱ በሜዳው ሣር ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር፤ ተመልካቹም ተደነቀ። ለእርሱ ግን ይህ የዕለት ልማዱ ነበረ። በ1969 ዓመት በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ በሆኑ ጊዜም ሰውነቱን ማሠልጠን አልተወም፤ በ1970 ዓመት በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ገብቶ ቀስት ወረወረ። ከዚህ ሰው ሕይወት ለመንደር ሰው የሚጠቅመው ትምህርት የወርቁ ሜዳልያ ብቻ አይደለም። ባለው ኀይል፥ በቀረውም ኀይል ቢሆን፥ በየቀኑ መሥራት ነው።

እንግዲህ መምህር ከልጆቹ ጋራ በጧት ሰልፍ ላይ አሥር ደቂቃ ቢሠራ ልጆቹን ያስተምራል፤ ራሱንም ይጠቅማል። ከመቀመጫው ያልተነሣ መምህር «ተንቀሳቀሱ» ቢል ቃሉ አይሰማምና። የቤት ሥራ አድርጎ ልጁን «ዛሬ ማታ አያትህ ከበርጩማ ስንት ጊዜ እንደሚነሡ ቈጥረህ ጻፍ» ብሎ ቢልከው፥ ልጁ ቍጥር ይማራል፤ አያቱም ሳያስቡት ይሠራሉ። ሴቶች ልጆችም ከወንዶች እኩል በሜዳው ላይ እንዲጫወቱ ይጠብቅላቸው፤ ውሃ መቅዳት እንደ ጨዋታ አይቈጠርምና።

ሽማግሎችም በመንደር የሚሰሙ ናቸው። አንድ የተከበረ ሽማግሌ በደጁ ላይ ምሰሶውን ይዞ በአንድ እግሩ ሲቆም የታየ እንደ ሆነ ሐፍረቱ ከመንደሩ ሁሉ ይወገዳል። ልጆቹም በትሩን ሊያቀብሉት በሮጡ ጊዜ «ተዉ፤ ራሴ አነሣዋለሁ» ይበላቸው። ይህን መከልከሉ ፍቅራቸውን መናቅ አይደለም፤ ሸክም እንዳይሆንባቸው ማሰብ ነው።

ይህ ሥራ ወርቅ አይጠይቅም፤ ሜዳ አይጠይቅም፤ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚጠይቀው በቀን 15 ደቂቃና ሁለት ወር ያህል ትዕግሥት ነው። ነገ ጧት ፊቱን የሚታጠብ ሁሉ ከበርጩማው አምስት ጊዜ ተነሥቶ ይጀምር፤ የቀረውን ቀኖቹ ይጨምሩለታል።